ደኑ አንድ ጊዜ ተመልሷል

ደኑ ተመልሶ ነበር! ይህን ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስናገር ሳምንት አለፈኝ። ለታክሲ ረዳቱ ነገርኩት፣ ቡና ለምትጠራኝ ጎረቤቴ ነገርኳት፣ ደሴ ያለውን ወንድሜን በሌሊት ደውዬ ቀሰቀስኩት። «የቱ ደን?» አለኝ እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ። የሐይቅ ደን! የአምባሰል ግርጌ ደን! አንዴ ተመንጥሮ ያለቀው፣ ከሺህ ዓመት በላይ ሣርና ቁጥቋጦ ሆኖ የኖረው፣ ከዚያ ደግሞ ጽድና ወይራ ሆኖ የተነሣው ደን! ይህን የነገረን አፈ ታሪክ አይደለም። ከሐይቁ ሥር የወጣ ጭቃ ነው።

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ናት። ስሟን የሰጣት ውኃ ከጎኗ ተንጣሏል፤ ወደ ሰሜን ሲያዩ የአምባሰል አምባዎች ሰማዩን ተደግፈው ቆመዋል። ሐይቁ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ ደግሞ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ከአርዲቦ ሐይቅ የሚነሣው የአንከርካ ወንዝ ይገባበታል፤ ከእሱ ግን አንድም ወንዝ አይወጣም። እኔን ያስደነቀኝ ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የገባ አይወጣም። ጎርፍ ያመጣው አፈር፣ ነፋስ ያመጣው ብናኝ፣ ሁሉም ወደ ታች ይወርድና ይተኛል። የዘንድሮው በአምናው ላይ፣ የአምናው በካቻምናው ላይ እየተነባበረ ይቀመጣል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ኢያን ዳርቢሻየር፣ ሄንሪ ላምብና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ኡመር «ዘ ሆሎሲን» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። ከሐይቅና ከአርዲቦ ሥር በቱቦ የወጣ ጭቃ ላይ ተመሥርተው ያለፉትን 3000 ዓመታት የደን ታሪክ ጻፉ። ጥናቱ ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ወሎ ተወልጄ፣ በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሼ፣ ያንን ውኃ በአውቶቡስ መስኮት ስንት ጊዜ አይቼ፣ ይህን ያወቅሁት አሁን ነው!

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ ውበቱ ያለው እዚያው ላይ ነውና። ዛፍ ሁሉ በወቅቱ ብናኝ ይለቃል። ይህ ብናኝ ከዱቄት ይልቅ የደቀቀ ነው፤ አንዱን ፍሬ ነጥሎ ዓይን አያየውም። ነገር ግን ቅርፊቱ ጉድ ነው። ሊቃውንቱ ጭቃውን ድንጋይ በሚያሟሟ አሲድ ሲያጥቡት አሸዋው ይሟሟል፣ ሸክላው ይሟሟል፣ የብናኙ ቅርፊት ግን ንክች አይልም። የቀረውን በማይክሮስኮፕ ያዩታል። የእያንዳንዱ ዛፍ ብናኝ የራሱ መልክ አለው። የወይራው ላዩ እንደ መረብ የተጠለፈ ነው። የዝግባው ደግሞ ግራና ቀኝ ሁለት ፊኛ አለው፤ ነፋስ እንዲያንሳፍፈው እግዜር የሰጠው ሁለት ጥቃቅን ፊኛ! ከክርስቶስ ልደት በፊት ከአምባሰል ተዳፋት የተነሣች አንዲት የዝግባ ብናኝ፣ በፊኛዎቿ ተንሳፍፋ ሐይቁ ላይ ወርዳ፣ ሰጥማ፣ ፊኛዎቿን እንደያዘች እስከ ዘመናችን ቆይታለች። ይህን ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ፤ ቤት ውስጥ መመላለስ ጀመርኩ።

ጭቃው የሚናገረው እንዲህ ነው። ከታች፣ ከጥንቱ ንብብር ውስጥ፣ ዝግባና ጽድ አለ፤ የድሮው የደጋ ደን እሱ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ላይ ያ ደን ተመነጠረ። ምንጣሮ የእኛ ዘመን ወይም የአያቶቻችን ኃጢአት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ የወሎ ሰው መጥረቢያ ካነሣ ግን ሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ሆኖታል። ደኑ ሲሄድ የክትክታ ቁጥቋጦና ሣር ተተኩ፤ 1800 ዓመት ያህልም ቆዩ። አገሩ ለዘላለሙ ራቁቱን ሊቀር ነው በሚባልበት ሰዓት፣ እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ጭቃው ውስጥ የጽድ ብናኝ ይበዛል። ወይራም አብሮ ይመጣል። ደኑ ተመለሰ! ከዚያ ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት እንደገና ተጨፈጨፈ፤ አፈሩም ከበፊቱ ብሶ ወደ ሐይቁ ይታጠብ ጀመር።

ይህን የዘመን ቁጥር ከምናውቀው ታሪክ ጋር አጋጥሙትማ! አባ ኢየሱስ ሞዓ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1248 ነው። ገዳሙ በዚያን ጊዜ በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ውኃው ሸሽቶ ከየብስ ጋር ተያይዟል። አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ ስንት ሊቅ ከእሳቸው እግር ሥር ተምሯል። እኔ ያንን ዘመን በሐሳቤ ስሥለው ተራራው ሁሉ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ሆኖ ነበር የሚታየኝ። ጭቃው ግን ሌላ ይላል። እነዚያ መነኮሳት ከደሴቱ ቀና ሲሉ ይታያቸው የነበረው በአብዛኛው ክትክታና ሣር ነው፤ ልክ ዛሬ እኛ እንደምናየው! ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ሐይቁንና ገዳሙን ሲያይ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የኢማም አሕመድ ሠራዊት እዚያው ሲደርስ፣ ጽዱ በተዳፋቱ ላይ እየተነሣ ነበር። መጽሐፎቻችን ስለ ነገሥታቱና ስለ ጦርነቱ ሲጽፉ ከጀርባቸው ደን እያደገ ነበር፤ ይህን መዝግቦ ያቆየልን ሐይቁ ነው።

እኔና የእኔ ትውልድ ያደግንበት ታሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ነበር፤ ድሮ ደን ነበር፣ ጨረስነው፣ ድርቅ መጣ። ለወሎ ሰው የረኃቡ ዓመታት 66 እና 77 ቁጥር ብቻ አይደሉም። በየቤቱ ስማቸው በዝግታ የሚጠራ ሰዎች አሉ። ያ ሐዘን ከደኑ ታሪክ ጋር ተጣብቆ «የኛ ነገር አበቃለት» የሚል ስሜት አወረሰን። «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ ደን ነበር» የሚለውን በየትምህርት ቤቱ እየደገምን አደግን፤ ቁጥሩን ግን የታሪክ ተመራማሪዎች ከሞገቱት ቆይቷል። ዶናልድ ክራሚ የተባለው የታሪክ ሊቅ ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1937 ወሎ ውስጥ ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ይዞ ከስድሳ ዓመት በኋላ በየቦታው ሄዶ አነጻጸራቸው፤ በብዙ ቦታ ዛፉ ከበፊቱ በዝቶ አገኘው። አዎ፣ አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ቢሆንም ሰው የተከለው ነው። ገበሬው ዛፍ ጠላቱ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ምን ይናገር!

ባሕር ዛፍን አልጠላም። ቤት የሠራልን፣ እንጀራችንን የጋገረልን እሱ ነው። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ጥግ ሲተከል ጤፉ እንዴት እንደሚቀጭጭ ያላየ የወሎ ልጅ የለም። ልቤ ያለው በአገሬው ዛፍ ነው፤ በጽዱ፣ በወይራው፣ በዋንዛው፣ በዝግባው። የጽድ ምሰሶ ምስጥ አይደፍረውም። የወይራ ጢስ የእርጎውን ቅል፣ የጠላውን ጋን ሽታ ምን እንደሚያደርገው ለማን ይነገራል?

አሁን ወደ ኮረብታው እንውጣ።

ሐምሌ ላይ ከሐይቅ ከተማ በላይ ባለ አንድ ተዳፋት ችግኝ ተከላ ወጥቼ ነበር። ሰዉ የወጣው በየቅሬው፣ በየዕድሩ ማለቴ ነው፣ ተጠራርቶ ነው። የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ሰው አንድ ላይ ነበር፤ ወሎ ነውና ይህን ማንም አያነሣውም። ጉድጓዱ ቀደም ብሎ በበጋ ተቆፍሮ፣ ውኃ እንዲይዝ ከታች በኩል በግማሽ ክብ ተደልድሎ ቆይቷል። ሴቶች ችግኙን በቅርጫት ከመኪና መንገድ እያመላለሱ ነው። ዝናቡ ካፊያ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት።

አጠገቤ የሚተክሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የወይራ ችግኝ አንሥተው ፕላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቁት፤ ቀስ አድርገው ገፈፉት። ከሥር ዋናው ሥር እንደ ቀለበት ተጠምዞ ነበር። አፈሩ እንዳይረግፍ በመዳፋቸው ደግፈው ጥምዛዙን በምላጩ ቆረጡት። ደነገጥኩ።

«አባባ፣ አይሞትም?»

«አብሽር ልጄ። እንደ ተጠመዘዘ ብትተክለው ነው የሚሞት። ሦስት ዓመት ያድግና አራተኛው ላይ ራሱን ያንቃል።»

ከዚያ የእኔን ጉድጓድ አዩ። ጉድጓዴ አጠገብ ወገብ የምታህል ክትክታ ነበረች፤ ቦታውን ላጸዳ ብዬ ልነቅላት ይዣታለሁ።

«ተዋት! እሷን አትንካት» አሉኝ። «በጋ ሲሆን ጥላ የምትሆነው ማን መሰለችህ? ፍየል እንደሆን እሷን አይቀምስ። ከሥሯ ያለውንም ሳያየው ያልፋል።»

እኚህ ሰው የተናገሩትን ጥናት ደርሶበታል። ትግራይ ውስጥ የወይራ ችግኝ ላይ የተሠራ ጥናት ቁጥቋጦ ሥር የተተከለው ገላጣ ላይ ከተተከለው ይልቅ እንደሚተርፍ አሳይቷል፤ ተመራማሪዎቹ ቁጥቋጦውን ሞግዚት ብለው ነው የሚጠሩት። የሐይቅን ጭቃ ደግሞ አስቡት! 1800 ዓመት ኮረብታውን ይዞ የቆየው ክትክታ ነበር። ጽድና ወይራ ሲመለሱ የተመለሱት ክትክታ ወደያዘው አገር ነው። «ምድረ በዳ» ብለን የናቅነው ቁጥቋጦ አፈሩን ይዞ የጠበቀ ባላደራ ነበር። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ክትክታ በመንገድ ዳር ሳይ ሰላም ልላት ያምረኛል።

ታዲያ ክትክታው ካለ፣ ከልለን ብንተወው በራሱ አይመለስም ወይ? ይህን ጥያቄ ይዤ ብዙ አነበብኩ፤ መልሱን ያገኘሁትም እዚያው ወሎ ውስጥ ነው። ክብሮም ተክሌና ተስፋዬ በቀለ በደቡብ ወሎ የተራቆቱ ተዳፋቶች ላይ አፈሩ ውስጥ ምን ዘር እንደተቀበረ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2000 አሳትመዋል። ያገኙት በአብዛኛው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር ነው፤ የዛፍ ዘር እጅግ ጥቂት። የደን ሊቁ ደምል ተከታይም በሌሎች የደጋ ደኖች ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል፤ የአብዛኞቹ የደጋ ዛፎቻችን ዘር አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት አይቆይም። ይበቅላል ወይም ይሞታል። ስለዚህ እናት ዛፉ ከተቆረጠች ተስፋው ያለው ሌላ እናት ዛፍ በቅርብ ካለች ነው። እሷ ደግሞ የት አለች? በገዳሙ፣ በየደብሩ ቅጥር፣ በየመቃብሩ፣ በየሸሁ ቀብር ዙሪያ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ላይ ያሉት ዛፎች ለእኔ ጥላ ብቻ አይደሉም፤ ጎተራ ናቸው። የወይራን ፍሬ ወፍ ትበላዋለች፣ ሥጋውን ትፈጭና አስኳሉን ሄዳ ካረፈችበት ቁጥቋጦ ሥር ትጥለዋለች። ነገር ግን በቅጥሩና በኮረብታው መካከል እርሻ አለ፣ የከብት መሄጃ አለ፣ ገላጣ አለ። ወፏ ማረፊያ ካላገኘች አትሻገርም። ዘር ለቅሞ፣ አስኳሉን ሰብሮ፣ ችግኝ ጣቢያ ላይ አብቅሎ፣ በቅርጫት ተሸክሞ የሚሻገር ሰው ያስፈለገው ለዚህ ነው! ተከላ ማለት ይህ ክፍተት ላይ ድልድይ መጣል ነው። ይህ ሲገባኝ ያንን የሐምሌ ጭቃ እንደገና ልረግጠው ፈለግሁ።

ወሎ ዛፍ ተከላን ዛሬ አልጀመረውም። በደርግ ጊዜ በምግብ ለሥራ ተራራው ሁሉ ተደልድሏል፣ ተከልሏል፣ ተተክሏል። ስንዴና ዘይት ይታደል ነበር። ነገር ግን የተራራው ባለቤት ማን እንደሆነ ለገበሬው የነገረው አልነበረም፤ ኮረብታው ተከለከለበት እንጂ የእሱ አልሆነም። 1983 ዓ.ም. ላይ መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ መጥረቢያው ወጣ። ደሳለኝ ራህመቶ ይህን ታሪክ በሚገባ ጽፎታል። እርከኑ ግን አሁንም በብዙ ተዳፋት ላይ አለ። ያ ድካም መና አልቀረም እላለሁ፤ ዛሬ የምንተክለው በእነዚያ ሰዎች ድንጋይ ላይ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ሲያስታውቅ አገሩ ሁሉ እጁን ጭቃ አስነክቶ ነበር። ደስ ይላል። እኔ ግን ከዚያ ቁጥር ይልቅ ልቤን የሚያሞቀው ሌላ ነው። ከሽማግሌው ጋር የተከልንበት ተዳፋት ከብት እንዳይገባበት የወሰነው ሰዉ ራሱ ነው። ሣሩን ግን ያጭዱታል። መስከረም ሲጠባ ተራ ይይዛሉ፤ ዛሬ የእነ እገሌ፣ ነገ የእነ እገሌ፣ በጀርባ ተሸክመው ለላማቸው ይወስዳሉ። ሣሩ ከተከለለ ወዲህ ትከሻ ድረስ ደርሷል። አንዲት እናት ሸክማቸውን አውርደው ሲያርፉ «ድሮ ላሟ ወደ ተራራ ትወጣ ነበር፤ አሁን ተራራው ወደ ላሟ ይወርዳል» አሉኝ። ሳቁ። እኔ ደብተሬን አወጣሁ።

ጥቅምት ላይ ተመልሼ ሄድኩ። ሽማግሌውን ቤታቸው አገኘኋቸው፤ ቡና ጠጥተን አብረን ወጣን። ሐይቁ ከታች እንደ መስተዋት ያበራል። የሐምሌውን ጉድጓድ አንድ በአንድ አየን። ደርቆ የቀረ አለ። የያዘው ግን ይበልጣል፤ ጽዱ አዲስ ጫፍ አውጥቷል፣ ሥሩ የተቆረጠው ያ ወይራም ቀጥ ብሎ ቆሟል። የእኔን ክትክታ አገኘኋት። ከጎኗ የተከልኳት ወይራ ደህና ናት። ስለ ሐይቁ ጭቃ ነገርኳቸው፤ ስለ ዝግባዋ ፊኛ፣ ስለ 1800ው ዓመት፣ ጽዱ ተመልሶ እንደ ነበር። ዝም ብለው ሰሙኝ። «ይኸ ውኃ ነው ይህን ሁሉ የያዘ?» አሉና ወደ ታች ብዙ አዩ።

ከዚያ ትንሽ ወደ ላይ ወጣ ብለው አንዲት ሌላ ክትክታ ሥር ጎንበስ አሉ። «ና እስቲ» አሉኝ። ቅርንጫፉን በእጃቸው ገለጥ አደረጉት። ከሥሩ፣ በረገፈው ቅጠል መካከል፣ ጣት የምታህል ችግኝ አለች። ቅጠሏን ገለበጡት፤ ሥሩ ብር መሰለ። ወይራ ናት። ጉድጓድ የላት፣ የፕላስቲክ ቁራጭ የለ፣ የተነካ አፈር የለ።

«ይህችን ማን ተከላት?» አልኳቸው።

ወደ ላይ አመለከቱኝ። ከበላያችን ባለው ቅርንጫፍ ላይ የወፍ ኩስ ነጭ ሆኖ ደርቋል።

ቅጠሏን ቆጠርኩ፤ ስድስት። ሽማግሌው ቅርንጫፉን ቀስ ብለው ወደ ቦታው መለሱትና ሦስት ድንጋይ ፈልገው ዙሪያዋን ከበቧት።